የማይተወንበት ቴአትር፣ ሞስኮ

ሞስኮ ከሄድኩ አይቀር ቦልሾይ የተባለውን ዝነኛ ቴአትር ቤት አያለሁ ብዬ ነበር። የቲኬቱን ዋጋ ሳይ ሐሳቤን ቀየርኩ። ጊዜው 2012 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያረፍኩት በሶቪየት ዘመን ለትምህርት ሄደው እዚያው ከቀሩ አንድ ጋሼ ቤት ነበር። «ተወው፣ ሌላ ቴአትር ላሳይህ» አሉኝ።

ይዘውኝ የሄዱት ትሪዮክፕሩድኒ የሚባል መንገድ ላይ ወዳለ ምድር ቤት ነው። «ቴአትር ዶክ» ይባላል። ባልና ሚስቱ ሚካኢል ኡጋሮቭና ኤሌና ግሬሚና በ2002 የመሠረቱት ነው። ራሱን «የማይተወንበት ቴአትር» ይላል። ከፍ ያለ መድረክ የለም፤ ተዋናዩ እፊትህ ነው የሚቆመው።

አሠራራቸው ቀላል ይመስላል። መቅረጫ ይዘው ቤት አልባውን፣ እስረኛዋን፣ ስደተኛውን ያናግራሉ። ቃሉን አያሳምሩትም። መንተባተቡም ስድቡም እንዳለ ይገባል። ዘዴውን የቀሰሙት የለንደኑ ሮያል ኮርት ቴአትር ከሰጣቸው ሥልጠና ነው።

ያየነው «አንድ ሰዓት ከአስራ ስምንት» የተሰኘውን ነው። የ230 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ገንዘብ ዘረፋ አጋልጦ በ2009 እስር ቤት ውስጥ ስለሞተው ሰርጌይ ማግኒትስኪ ነው። የራሱ ጽሑፎች፣ የእናቱ ቃል፣ ሰነዶች ተገጣጥመው፣ ያልተካሄደው ችሎት እዚያ ይካሄዳል። ዳኛው፣ መርማሪው፣ ሐኪሞቹ ይቀርባሉ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ሰልችቶኝ ነበር። ጋሼ በጆሮዬ እየተረጎሙልኝ እንኳ የሰነድ ንባብ መሰለኝ። ሰውየው ችሎት ላይ ሙቅ ውሃ ለምኖ መከልከሉ ሲነሳ ግን ነቃሁ። የሚሊዮኖችን ወሬ ጆሮ ይለምደዋል። አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ የተነፈገን ሰው ግን እንዴት አድርጎ ይለምዳል? ተዋናዩ ደግሞ አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሲያልቅ ሰው አልተበተነም፤ ክርክር ተጀመረ። አንዲት ወጣት «ይሄ ቴአትር ሳይሆን ጋዜጣ ነው» አለች። ጋሼ ብድግ ብለው «ጋዜጣው ቢጽፈውማ መች እዚህ እንመጣ ነበር!» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

በ2014 መጨረሻ ቴአትሩ ከዚያ ምድር ቤት ተባረረ። መሥራቾቹም በ2018 በሳምንታት ልዩነት ተከታትለው ሞቱ። በኢንተርኔት ተታለው አክራሪዎችን ስላገቡ ሴቶች፣ በዚሁ ዓይነት ዘዴ ከፍርድ ቤት መዝገብ ተነሥተው ቴአትር የሠሩት ደራሲዋ ስቬትላና ፔትሪይቹክና ዳይሬክተሯ ዤንያ ቤርኮቪች ደግሞ በ2024 «ሽብርን ደግፋችኋል» ተብለው 6፣ 6 ዓመት ተፈረደባቸው። ያው ሥራ በ2022 «ወርቃማው ጭምብል» የተባለውን የሩሲያ ትልቅ የቴአትር ሽልማት አግኝቶ ነበር።