ባልየውን ከክፍሉ ማስወጣት

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ከስፌቱም ከጄሶውም ይልቅ የሚከብደኝ አስታማሚን ማስወጣት ነው። ደሴ ላይ ሚስቱን ይዞ የመጣ ባል እደግ ተመንደግ ተብሎ ይመረቃል እንጂ ውጣ አይባልም። እኔ «ወንድሜ፣ አንዴ ካርድ ክፍል ይሂዱልኝ» እላለሁ፤ የሚያስኬድ ጉዳይ አይጠፋም።

ትናንት የመጣችው ሴት ከደረጃ ወድቃ ነው ተባለ። ያለው ባሏ ነው። የወደቀ ሰው ብዙ ጊዜ በመዳፉ ስለሚያርፍ የሚሰበረው አንጓው አካባቢ ነው። የሷ ግን በትንሿ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ነው፣ ያውም መሐሉ ላይ፤ ፊቱን ሊከልል ክንዱን ያነሣ ሰው የሚመታበት ቦታ። ከጆሮዋ ሥር የበለዘው ደግሞ ወደ ቢጫ ዞሯል፤ ሰንብቷል።

አማርኛ አትሰማም። እሱ ላስተርጉም አለ፤ አይሆንም አልኩት። ባቲ ያደገች ባልደረባችን አፋርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለምትችል እሷን ጠራናት። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቤተሰብ፣ በተለይ ልጅ፣ አስተርጓሚ መሆን የለበትም።

«ጥቃት ደርሶብሻል?» ማለት ብዙም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 63 በመቶዎቹ ወጥ ማሳረርን ወይም ሳይናገሩ መውጣትን ከመሰሉ ምክንያቶች ቢያንስ ባንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። እንዲህ ብላ ላደገች ሴት ዱላው ቅጣት ነው። ስለዚህ «ሲናደድ ምን ያደርጋል? ዛሬ ቤት መመለስ ያስፈራሻል?» ብለን ጠየቅናት። ብዙ ዝም ብላ ቆይታ ተናገረች። ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

«ሽማግሌ ይግባበት» ያሉኝ ነበሩ። ወሎ በሽምግልና ደም እንኳ የሚያደርቅ አገር ነው፤ አከብረዋለሁ። ሽማግሌ መጥራት ግን የሷ ፈንታ ነው። እሷ ሳትጠይቅ የሕክምና ሰው ለዕርቅ ቢሮጥ፣ የነገረችን ሁሉ ማታውኑ ባሏ ጆሮ ይገባል።

የኛ ድርሻ ካርዱ ላይ ነው፦ የጉዳቱ ቦታ፣ መጠኑ፣ ቀለሙ፣ ከራሷ አፍ የወጣው ቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል፤ ልክሰስ ባለች ቀን የምትጠየቀው የሕክምና ማስረጃ ነው። «ወድቃ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ምን ይዛ ትቆማለች? ትናንት ሁለቱንም ጻፍኩ፤ መጀመሪያ ባሏ ያለውን፣ ቀጥሎ እሷ ያለችውን፣ ማን እንዳስተረጎመም ጭምር።