የወረደ የመኪና ኮርኒስ ቤት ውስጥ እንዴት ይለበሳል

የኮርኒስ ጨርቅ ወርዶ የኋላ ማያ መስታወቱን ሲጋርድ ወይም ከኋላ የተቀመጠ ሰው ራስ ላይ ሲያርፍ፣ ብዙ ሰው «ማስቲሹ ለቀቀ» ይላል። አንዱ በመርፌ ማስቲሽ እየወጋ ሊያጣብቀው ይሞክራል፣ ሌላው በስፒል ይይዘዋል፣ ሌላው ስቴፕለር ይመታበታል። ሁሉም ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። ያለቀው ከጨርቁ ጀርባ ያለው ስፖንጅ ስለሆነ፣ አዲሱ ማስቲሽ የሚይዘው ዱቄት ነው።

ከላሜራው ሥር የጣሪያውን ቅርጽ ይዞ የተጫነ ቦርድ አለ። እንደ መኪናው ከተጨመቀ ወረቀት ወይም ከፋይበርግላስ ይሠራል። በቦርዱ ላይ የሚለጠፈው ጨርቅ ጀርባው ላይ ከፋብሪካ የተጣበቀ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ አለው። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይህ ስፖንጅ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ ይሟሟና እጅ ላይ ይጣበቃል፣ በኋላ ይፈረፈራል። የወረደውን ጨርቅ ገለጥ አድርጋችሁ በጣት እሹት፦ ብጫ ዱቄት ከወጣ ስፖንጁ አልቋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ነጠላ ላይ የሚገኘው ብጫ ብናኝም እሱው ነው።

ከተማችን ባሕር ዳር ለዚህ ስፖንጅ አትመችም። ከተማዋ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ታከራለች፤ ጣና ሐይቅ አጠገቧ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብ ነው። የመንገዶቻችን ዘንባባዎች ለእግረኛ እንጂ ለቆመ መኪና ጣሪያ እምብዛም ጥላ አይሰጡም። በዚያ ላይ የምንነዳቸው ቪትዝና ኮሮላዎች ብዙዎቹ አገር ሲገቡ ዕድሜያቸው የገፋ ነበር።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ጊዜ ከመምረጥ ነው። ማስቲሽ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ቲነር እየተነነ ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ለዓይን የማይታይ ጤዛ ያርፋል፤ ማስቲሹ ነጣ ይላል፣ መያዝም እምቢ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ጥሩ ነው። ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ይሁን፦ ጤዛው ደርቋል፣ ፀሐይዋ ገና አልበረታችም፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም አቧራ ማንሳት አልጀመረም። ማታ መብራት አብርቶ መሥራት ደግሞ አይታሰብ፤ ጣና ዳር መብራት የሚሰበስበው ትንኝ ሁሉ እርጥቡ ማስቲሽ ላይ ይቀራል፣ ከጨርቁ ሥር እንደ ብጉር ይታያል።

ጨርቁን ስትገዙ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ፤ ጀርባው ስፖንጅ ይኑረው፣ ሲስቡት ይለጠጥ። የሶፋ ጨርቅ አይለጠጥም፤ ቦርዱ ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ ተወጥሮ ይቀርና በሁለተኛው ሳምንት ከጉድጓዱ ይነሳል። የመጋረጃ ጨርቅ ስፖንጅ ስለሌለው ማስቲሹ ዘልቆ ይታያል፣ የቦርዱም ሻካራነት ያሳብቃል። የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ባለሙያዎች ዘንድ የኮርኒስ ጨርቅ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ ከአዲስ አበባ ማስመጣት የተሳሳተ ጨርቅ ከመልበስ ይሻላል። ቁመቱን ስትለኩ ሜትሩን በአየር ላይ አትዘርጉ፤ የቦርዱን ጉድጓድና ጉብታ እየተከተለ ይሂድ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎን 7 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ ከተገኘ፣ ለቪትዝም ለኮሮላም 2 ሜትር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ማስቲሹ ላይ አትቆጥቡ። በፀሐይ የቆመ መኪና ጣሪያ በጣም ይግላል፤ እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚችል ማስቲሽ ያስፈልጋል። ነጩ የእንጨት ኮላ አይሆንም፣ ውሃ ስላለበት የወረቀቱን ቦርድ ያሳብጠዋል። ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂቱን ሞክሩት፤ የጨርቁን ቁራጭ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ከጠዋት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይዋል። ትኩስ እንዳለ ጎትቱት። ስፖንጁ ከተቀደደ ማስቲሹ ጥሩ ነው። ማስቲሹ እንደ ክር እየተሳበ ከለቀቀ ሌላ ፈልጉ። ለትንሽ መኪና 1 ሊትር ይበቃል፣ ግን ቦርዱ ስለሚጠጣ ግማሽ ሊትር ትርፍ ይኑር። በቆርቆሮ የሚነፋው ዓይነት ከሆነ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን 3 ያዙ።

አሁን ወደ ማውረዱ። ባትሪ ከመንቀላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጨርሱ። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ቦርዱ እንዳይነካው ዘንጉን ወደ ታች አውርዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ዘንጉ ይቆለፋል። በመብራት የሚከፈት የኋላ በር ካለም ክፈቱት። ከዚያ በ10 ቁጥር ቁልፍ ነጌቲቩን ፍቱ። የጎን ምሰሶዎቹ ፕላስቲክ ላይ የኤርባግ ጽሑፍ ካያችሁ፣ ጣሪያው ዳር ላይ የተጠቀለለ ኤርባግ አለ ማለት ነው። ቶዮታ ከባትሪው በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል፤ 10 ደቂቃ ብትጠብቁ ምንም አትከስሩም። የኤርባጉን ገመድ አትንኩ፣ ጥቅሉን አትጎትቱ።

የፀሐይ መከላከያዎቹ በባለ መስቀል ካቻቪቴ ይፈታሉ። የእጀታዎቹ ብሎን ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን ሥር ነው፤ ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ክዳኗን አንሱ። የመብራቱን ሽፋን አውጡ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። የበሮቹን ጎማ ከላይ በኩል ብቻ ገፈፍ አድርጉት። የምሰሶዎቹ ፕላስቲኮች በክሊፕ የተያዙ ናቸው፤ ያረጀ ክሊፕ ይሰበራልና 10 ያህል ትርፍ ገዝታችሁ ጠብቁ። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ አንሱት፣ ብሎኖቹንም በየቦታቸው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ረጅም ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ላሜራ ይወጋል።

ቦርዱ ብቻውን ሲቀር ለሁለት ሰው ሥራ ይሆናል። የወንበሮቹን ራስ መደገፊያ አውጡ፣ ወንበሮቹን እስከ መጨረሻ አስተኙ። ቪትዝ በኋላ በሩ ያስወጣል፤ ኮሮላ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ለፊት በተሳፋሪው በር ነው። ቦርድ የሚሰበረው በመብራቱ ቀዳዳና በፊት መስታወቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ ማጠፍ ካስፈለገ በሌላ በኩል ይሁን።

ከዚህ በኋላ ያለው መፋቅ የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ሰው የሚሰለቸውም እሱን ነው። ጨርቁ በእጅ ተጎትቶ ይነሳል፤ ብጫው ስፖንጅ ግን ቦርዱ ላይ ይቀራል። ደረቅ የልብስ ማጠቢያ ቡሩሽ ያዙ፣ የሽቦ ቡሩሽ አይሁን፣ ቦርዱን ይገፈዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈግፍጉ። ውሃ አይነካ። ማስክ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ይኑራችሁ፤ ቦርዱ ፋይበርግላስ ከሆነ ክንድ ለሁለት ቀን ያሳክካል። ነፋሱን ከኋላችሁ አድርጉ፣ ዱቄቱ ወደሚሄድበት በኩል የተሰጣ በርበሬ ወይም ልብስ እንደሌለ አስቀድማችሁ እዩ።

በቃ የሚባለው መቼ ነው? የካርቶን ፕላስተር ቆርጣችሁ ቦርዱ ላይ ጫኑትና ንቀሉት። ብጫ ይዞ ከመጣ አልጨረሳችሁም። በተለይ ጉድጓዶቹ ውስጥ፣ በእጀታዎቹ ዙሪያና በፀሐይ መከላከያዎቹ ማረፊያ ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩ፤ አዲስ ጨርቅ መጀመሪያ የሚነሳው ከእነዚህ ነው። ፕላስተሩ ንጹህ ሆኖ ሲመጣ ቦርዱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የተሰነጠቀ ካለ በማይታየው ጀርባው በኩል፣ ለጂፕሰም ሥራ የሚሸጠውን መረብ በኤፖክሲ ለጥፉበት፣ በቅርጹ ደግፋችሁ አድርቁት።

ኤፖክሲው እስኪደርቅ የመኪናውን ጣሪያ እዩ። ቦርዱ ላይ ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ ውሃ የሚገባበት አለ፤ አንቴናው ሥር፣ የፊት መስታወቱ የላይ ጠርዝ ወይም የዕቃ መጫኛው ብሎን ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ከላይ በጎማ ቀስ ብሎ ውሃ ያፍስስ፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ ይመልከት። ይህ ሳይደፈን ጨርቅ ማልበስ ቀጣዩን ክረምት ብቻ መጠበቅ ነው። ሙቀት የሚከላከል ባለ አልሙኒየም ንጣፍ መለጠፍ የሚፈልግም ጊዜው አሁን ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር አይለፍ፣ አለበለዚያ ቦርዱ ቦታው አይገባም።

ለመለጠፍ ቦርዱን ጥላ ሥር፣ ንጹህ ጠረጴዛ ወይም ሁለት አግዳሚ ላይ አስተኙ። ቦታው አየር ይግባበት፣ ቡና የሚፈላበት ከሰልም ሆነ ሲጋራ በአቅራቢያው አይኑር፤ የማስቲሽ ትነት እሳት ይስባል። ልጆችን አርቁ። ጨርቁን ዘርግታችሁ ዳር ዳሩ እኩል እንዲተርፍ አስተካክሉ፣ ከዚያ የፊቱን ግማሽ ወደ ኋላ እጠፉት። በዚህ መንገድ አንዱ ግማሽ ሲለጠፍ ሌላው ቦታውን ይይዛል።

ማስቲሹን በሁለቱም ላይ፣ በቦርዱም በስፖንጁም ቀቡ። ቦርዱ ላይ ሁለት እጅ፣ የመጀመሪያውን ይጠጣዋልና። ስፖንጁ ላይ አንድ ስስ እጅ። ኮምፕሬሰር ካለ መንፋት ይመረጣል፤ ከሌለ አጭር ጸጉር ያለው ሮለር። በቡሩሽ መቀባት አይመከርም፣ እዚህም እዚያም ይከማቻል፤ የተከማቸው ስፖንጁን አርሶ ሲደርቅ ከፊት ጠንካራ ነቁጥ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ጠብቁ። በደረቁ ወራት ጠዋት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፣ ግን ሰዓት ሳይሆን ጣት ይወስነዋል፦ የጣታችሁን ጀርባ አስነኩት፤ ያዝ አድርጎ ከለቀቀና ጣት ላይ ምንም ካልቀረ ደርሷል። ክር ከሳበ ገና ነው። በእርጥቡ የተለጠፈ ጨርቅ መጀመሪያ ያማረ ይመስላል፤ ትነቱ መውጫ ሲያጣ አረፋ እየሠራ ይነሳል።

ጨርቁን ከመሃል መስመር ጀምራችሁ በመዳፍ ወደ ዳር እየገፋችሁ አስተኙት። አትጎትቱት። ጉድጓድ ጋ ስትደርሱ ጨርቁን መጀመሪያ ወደ ታችኛው ጥግ በጣት ጫፍ አስገቡት፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዛችሁ ውጡ፤ ከላይ ጠርዙ ከጀመራችሁ ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይቀራል። ሽብሽብ ከሠራ ወዲያውኑ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ከቆየ በኋላ ስታነሱት ስፖንጁ ይቀደዳል፣ ያ ቦታ ለዘለዓለም ያስታውቃል። የፊቱ ግማሽ ሲያልቅ የኋላውን እንዲሁ።

የመብራቱን ቀዳዳ በጣት ፈልጉና በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ቁረጡ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙ። የብሎኖቹን ቀዳዳ ከጀርባ በወስፌ ውጉ፤ በምላጭ ከፊት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይስተው አይቀርም። በበር ጎማ የሚሸፈነውን ዳር ከቦርዱ እኩል ቁረጡት፣ ከታጠፈ ወፍሮ ጎማው አይቀመጥም። ጎማ የማይሸፍነውን፣ በተለይ የኋላውን፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጀርባ አጥፋችሁ ለጥፉ። በኤርባግ በኩል ያለው የቦርዱ ጠርዝ እንደ ድሮው ነፃ ሆኖ መከፈት አለበት፤ እዚያ ላይ ማስቲሽም እጥፋትም አይኑር።

ቦርዱ ጠፍጣፋ ተኝቶ 24 ሰዓት ይደር። ሲመለስ እጃችሁን ታጠቡ፣ አመድማ ጨርቅ ላይ የቅባት አሻራ አይለቅም። መጀመሪያ የመብራቱን ገመድ በቀዳዳው አውጡ፣ የፀሐይ መከላከያዎቹ ቦርዱን ከፊት ይያዙት፣ ከዚያ እጀታዎቹ፣ ከዚያ የኋላ ክሊፖች፣ መጨረሻ ምሰሶዎቹና ጎማው። ብሎኖቹን ሁሉ እስኪገቡ ድረስ ላላ አድርጋችሁ ተዉአቸው፣ ቦርዱ መሃል ላይ ሲቀመጥ አጥብቁ።

እንደ ቮልስዋገን ቢትል ያሉ የድሮ መኪኖች ግን ቦርድ የላቸውም፤ ኮርኒሳቸው በሽቦ ቅስቶች ላይ የተሰፋ ነውና ከላይ ያለው አይመለከታቸውም።

ባትሪውን ከመለሳችሁ በኋላ ቁልፉን ክፈቱና የኤርባጉን መብራት ተመልከቱ። በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ አንድ ሶኬት በደንብ ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ባትሪውን እንደገና ፍቱና ምሰሶዎቹን ክፈቱ። ሁሉም ደህና ከሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት መስኮቶቹን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ጥላ ሥር አቁሙት፤ የማስቲሹ ሽታ የሚወጣውም፣ ጠርዞቹ በደንብ የሚይዙትም በዚያ ጊዜ ነው።