ደምቆ የወጣው መስመር

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ከጅማ ወደ ጊቤ ቆላ ወረድ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ክረምት ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ በረንዳው ገና በጠዋት ይሞላል። መብራት ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖት ማይክሮስኮፑ ቆሟል፤ ሁሉን የምንመረምረው በአር ዲ ቲ (በጠብታ ደም ወባን በደቂቃዎች በሚለየው ፈጣን መመርመሪያ ኪት) ነበር።

አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። "ቀን እየዘለለ ያንቀጠቅጣታል" አሉኝ። ጣቷን ወጋሁ፣ ደሙን የኪቱ ካሴት ላይ አድርጌ ባፈር የሚባለውን ፈሳሽ ጨመርኩ፣ ሰዓት ይዤ ጠበቅሁ። ምርመራው ሠርቷል የሚያሰኘው የኮንትሮሉ መስመር ደምቆ ወጣ፤ ሌላ መስመር የለም። "ወባ የለባትም፣ እናቴ" አልኳቸው። ፓራሲታሞል ተሰጥቷቸው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ በሰው ጀርባ ታዝላ ተመለሰች። መብራት መጥቶ ስለነበር የደም ስላይድ ሠርቼ ጊምሳ የሚባለውን ማቅለሚያ ቀባሁና በማይክሮስኮፕ አየሁ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ነው፤ ብዙ ነው። ሕክምናዋ ወዲያው ተጀመረ። እናቷ አልተቆጡኝም። "ዶክተር፣ ያን ቀን አልታየዎትም ነበር?" ብቻ አሉኝ (በእኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)። መልስ አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛውን አስከፍቼ ገባሁ። "ጋሼ፣ እነዚህ ኪቶች መቼ ነው የገቡት?" አልኩ። የዕቃ መመዝገቢያውን ቢን ካርድ አዩና "የካቲት ላይ። ኤክስፓየራቸው ገና የሚመጣው ዓመት ነው፣ አታስብ" አሉኝ። ቀኑ እውነት ነው፤ አላለፈም። ግን መጋዘኑ ኮርኒስ የለውም፣ መስኮቱም ለሌባ ተብሎ ታሽጓል። እኔ የተጠቀምኩበት ካርቶን የተቀመጠው ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነበር። መጋቢትንና ሚያዝያን እዚያው አሳልፏል። ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ የሚል ተጽፏል። የማለፊያው ቀን የሚሠራው ይህ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

ከታችኛው መደርደሪያ ተመሳሳይ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥር ያለው ካርቶን አወጣሁ። በማግስቱ በስላይድ ቫይቫክስ የተገኘባቸውን አምስት ሰዎች ደም በሁለቱም ሞከርኩ። የታችኛው አምስቱንም አሳየ። የላይኛው ሁለቱን ብቻ፣ ያውም በስሱ። የኮንትሮሉ መስመር ግን በአሥሩም ላይ ደምቋል።

የተታለልነው እዚህ ላይ ነው። የኮንትሮሉ መስመር የሚነግረን ፈሳሹ ወረቀቱን አቋርጦ መሄዱንና ቀለሙን የተሸከመው ፀረ አካል መሥራቱን ነው። በሽታውን ሊይዝ በሌላው መስመር ላይ የተቀመጠው ፀረ አካል በሙቀት ቢደክም እሱ አያውቅም። ፋልሲፓረምን፣ ማለትም ሌላውን የወባ ዓይነት፣ የሚለየው ኤች አር ፒ ቱ የሚባለው መስመር ብዙውን ጊዜ ሙቀት ይችላል፤ ለቫይቫክስ የምንመካበት የፒ ኤል ዲ ኤች መስመር ግን ቶሎ ይዳከማል። ፋልሲፓረም በየቀኑ ፖዘቲቭ እየወጣልን ስለነበር ኪቱን የጠረጠረ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት የወባ አር ዲ ቲዎችን ሲያወዳድር በ35 እና በ45 ዲግሪ ለሁለት ወር እያስቀመጠ የፈተናቸውም ለዚህ ነው።

ካርቶኑን ለይተን "አይሠራበትም" ብለን ጻፍንበት፣ ለወረዳም አሳወቅን። ከዚያ የከበደኝን ሥራ ጀመርኩ፦ መዝገብ እያገላበጥኩ ከመስከረም ወዲህ ትኩሳት ኖሯቸው ኔጋቲቭ ያልናቸውን መፈለግ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ሄደው የሚችሉትን ያህል አመጡልን። ያልተገኙም አሉ፤ ለቡና ለቀማ ወደ ሌላ ወረዳ የሄዱ።

ኪቶቹን ጤና ጣቢያው ሲጀመር ወደተሠራው የጭቃ ቤት አዛወርናቸው። አንዱ ባልደረባችን ፍሪጅ ውስጥ ይግቡ ብሎ ነበር፤ እኔ አልወደድኩትም። ከቀዘቀዙ በኋላ የክፍሉን ሙቀት ሳይለምዱ ማሸጊያቸው ከተቀደደ እርጥበት ይይዛቸዋል፣ ሰልፍ በበዛበት ቀን ደግሞ ያን ያህል የሚጠብቅ የለም። በየጠዋቱና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር እያነበብን መመዝገብ ጀመርን።

መጋቢት ሲገባ ቴርሞሜትሩን ለአንድ ቀን ወደ ባዶው መጋዘን ወስጄ የላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ 41 ዲግሪ አነበብኩ። ጋሼን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አዩት፣ ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው ቁጥሩን ራሳቸው መዝገቡ ላይ ጻፉት።