የማይመለስ ኮድ

ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚቀመጥ፣ ብሎክ የሚባሉ ክፍሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ የጋራ መዝገብ) ላይ መሥራት ከመጀመሬ በፊት የድረ ገጽ ፕሮግራመር ነበርኩ። እዚያ ስህተት ብሠራ በሰዓታት ውስጥ አስተካክዬ አዲሱን ኮድ እጭናለሁ። ዳታቤዙ ቢበላሽ መጠባበቂያ ቅጂ አለ። ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼይን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ግን ማሻሻያ መንገድ አስቀድሞ ካልተበጀለት፣ አንዴ ሰንሰለቱ ላይ ከወጣ በቃ፣ ኮዱ እንዳለ ይኖራል። የሰው ገንዘብ የያዘ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ይህን ልዩነት ለመረዳት አንድ ቀን በቃኝ። የአሠራር ልማዴን ለመቀየር ግን ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀብኝ።

የጀመርኩት በማንበብ ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በኦክቶበር 2008 የወጣውን የቢትኮይን ጽሑፍ ያዝኩ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 9 ገጽ ብቻ ነው። ደጋግሜ አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ከተዘረዘሩት 8 ማጣቀሻዎች ውስጥ ሦስቱ ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተሳተፉባቸው ሥራዎች ናቸው። እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች በ1991 ያነሱት ጥያቄ እስካሁን ደስ ይለኛል። አንድ ዲጂታል ሰነድ መቼ እንደተሠራ፣ ማንም ቀኑን ወደ ኋላ ሊጎትተው በማይችልበት መንገድ እንዴት ይረጋገጣል? መልሳቸው ሰነዶቹን በሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ፣ ይዘቱ ትንሽ ቢቀየር የሚለወጥ እንደ ጣት አሻራ ያለ ኮድ) እርስ በርስ ማያያዝ ነበር። ከገንዘብ ጋር ምንም የማይገናኝ ጥያቄ ነው። እኔን ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ እሱ ነው።

ከዚያ በፓይተን ትንሽ ሰንሰለት ሠራሁ። እያንዳንዱ ብሎክ የቀደመውን ሃሽ ይይዛል። ሦስተኛው ብሎክ ውስጥ አንዲት ፊደል ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተበላሸ። ብዙ ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ ነገር በዚያች ፊደል ገባኝ። ጀማሪ ሲጠይቀኝ ዛሬም «መጀመሪያ ይህን ሥራ» የምለው ለዚህ ነው።

ስማርት ኮንትራት ወደሚጻፍበት ቋንቋ፣ ወደ ሶሊዲቲ የገባሁት ሪሚክስ በሚባለው፣ በብሮውዘር በሚሠራ የኮድ መጻፊያ ነው። መሞከሪያ ኔትወርክ ላይ ገንዘብ ሳላወጣ ተለማመድኩ። እዚህ ከድረ ገጽ ሥራ ይዤው የመጣሁት እውቀት ብዙ ጊዜ አሳሳተኝ። «ፕራይቬት» (የግል) ብዬ ያስቀመጥኩት ቁጥር ሚስጥር ነው ብዬ አመንኩ። አይደለም። ሌላ ኮንትራት በቀጥታ እንዳይጠራው ብቻ ነው የሚከለክለው፤ ሰንሰለቱን የሚያነብ ሰው ሁሉ ያየዋል። ለተጠቃሚዎች ሁሉ በየተራ ክፍያ የሚልክ ሉፕም (ተደጋጋሚ ኮድ) ጻፍኩ። ስማርት ኮንትራት በሚያስኬደው ብሎክቼይን በኢተሪየም ላይ ተራ ገንዘብ መላክ 21,000 ጋዝ (የሥራ መጠን መለኪያ) ይበላል። አንድ ብሎክ የሚይዘው ጋዝ ደግሞ ገደብ አለው። ዝርዝሩ ሲረዝም ሉፑ ከገደቡ ያልፍና ክፍያው ጨርሶ መውጣት ያቆማል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱ ሰው መጥቶ የራሱን እንዲያወጣ ማድረግ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የተሰበረ ኮድ ማንበብ ነው። በጁን 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው የጋራ ኢንቨስትመንት ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር (የኢተሪየም ገንዘብ) ተወሰደ። የስህተቱ ሥር የመስመሮች ቅደም ተከተል ነበር። ኮዱ መጀመሪያ ገንዘቡን ይልካል፣ ከዚያ የሰውየውን ሂሳብ ይቀንሳል። ተቀባዩ ራሱ ኮንትራት ከሆነ፣ ገንዘቡ ሲደርሰው ሂሳቡ ሳይቀነስ «አሁንም ክፈለኝ» ብሎ ተመልሶ ይጠራል። ይህ ይደጋገማል። በጁላይ የኢተሪየም ሰዎች ሰንሰለቱን ለሁለት በመክፈል ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መለሱ። ይህን ያልተቀበሉት በአሮጌው ሰንሰለት ቀጠሉ፤ ዛሬ ኢተሪየም ክላሲክ የሚባለው እሱ ነው። ታሪኩን ማንበብ አልበቃኝም። የጥቃቱን አነስተኛ ሞዴል በራሴ ኮምፒውተር ሠራሁና ካዝናው ባዶ ሲሆን አየሁ። ሁለቱን መስመሮች አቀያየርኩ፣ ጥቃቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ማጣራት፣ ቀጥሎ መመዝገብ፣ መጨረሻ ላይ መላክ የሚለው ቅደም ተከተል ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ሥራ ያገኘሁትም በዚሁ መንገድ ነው። ሰርተፍኬት ማንም አልጠየቀኝም። የታወቁ ስህተቶችን እንደገና ሠርቼ በቀላል ቋንቋ ያብራራሁባቸውን ኮዶች በይፋ አስቀምጬ ነበር፤ ቀጣሪዬ እነሱን አይቶ ጠራኝ። ሥራ የምትፈልጉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቀጣሪ ነን ባዮች «የፈተና ኮድ» ብለው የሚልኩት ፋይል የዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) ቁልፍ የሚሰርቅ ሊሆን ይችላል። የማታውቁትን ኮድ ዋሌታችሁ ባለበት ኮምፒውተር ላይ በፍጹም አታስኪዱ።

ትልቁ ስህተቴ የመጣው ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ብድር የሚሰጥ ኮንትራት እየጻፍኩ ነበር። የቶከን (ብሎክቼይን ላይ የሚንቀሳቀስ ዲጂታል ገንዘብ) መጠን የሚቀመጠው በሙሉ ቁጥር ነው፤ ስንት የአስርዮሽ ቦታ እንዳለው ቶከኑ ራሱ ይናገራል። ብዙዎቹ 18 ቦታ አላቸው፣ እኔም ሁሉም 18 ነው ብዬ አሰላሁ። ከዶላር ጋር የተያያዘው ዩኤስዲሲ የተባለ ቶከን ግን 6 ነው። ልዩነቱ 12 ዜሮ ነው፤ ስሌቱ በአንድ ትሪሊዮን እጥፍ ይስታል ማለት ነው። ኮዱን የምፈትሽባቸው ቴስቶች ሁሉ አልፈው ነበር። ለምን? ለቴስት የፈጠርኩት ቶከን ራሱ 18 ቦታ ስለነበረው። ኮዱንም ቴስቱንም ያሰበው አንድ ጭንቅላት ነው። ኮዱን ኦዲት የሚያደርገው (የሚመረምረው) ባለሙያ ስህተቱን ያገኘው ኮንትራቱ ሰንሰለቱ ላይ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ገንዘብ የማላውቃቸው ሰዎች ቁጠባ ነበር የሚሆነው።

አሁን ኮድ ከመጻፌ በፊት «ምን በፍጹም መሆን የለበትም?» የሚለውን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ለምሳሌ፣ የወጣው ገንዘብ ከገባው መብለጥ የለበትም። ከዚያ ኮምፒውተሩ እኔ የማላስባቸውን ቁጥሮች በሺዎች እየፈጠረ ያንን ሕግ ለመስበር እንዲሞክር አደርጋለሁ። የእውነተኛውን ሰንሰለት ቅጂ አውርጄ በእውነተኞቹ ቶከኖች እፈትሻለሁ። አዲስ ኮድ የምጽፍበት ሰዓት በጣም ቀንሷል። ይህ መጀመሪያ ያሳስበኝ ነበር፤ አሁን ሥራው ራሱ ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

ደንበኛ ሲመጣም መጀመሪያ የምጠይቀው፣ መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ድርጅት ብቻ ነው ወይ፣ ሌሎቹስ ያምኑታል ወይ የሚለውን ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ተራ ዳታቤዝ ይበቃችኋል እላለሁ። በዚህ ምክንያት ያመለጠኝ ሥራ አለ፣ አልቆጨኝም።

በትርፍ ጊዜዬ የያዘኝ ዚሮ ኖሌጅ ነው። አንድን ነገር እንደምታውቅ፣ ነገሩን ራሱን ሳትገልጥ ማረጋገጥ። ሐሳቡ ከ1985 ጀምሮ አለ፤ ሒሳቡ ግን ይከብደኛል፣ በሳምንት ሁለት ማታ አጠናዋለሁ። እዚህም ኮዱ ውስጥ አንድ ገደብ ከተረሳ ሐሰተኛ ማረጋገጫ እንደ እውነት ያልፋል። እንደ ዘ ዳኦው ሁሉ፣ እንዲህ ዓይነት የተሰበሩ ኮዶችን እየፈለግኩ በራሴ ኮምፒውተር እንደገና እሠራቸዋለሁ። እስካሁን ስድስት ደርሻለሁ።