ካህራባ የመጣችበት ሰዓት

ይህን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት እኔና ጌታ ነን የምናውቀው። እዚያች ሌሊት ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ግን እጨርሰዋለሁ። ያደረገልኝን ደብቄ መኖር አልችልም።

አገሩ ሊባኖስ ነው፣ ቤይሩት። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ ኦገስት 4፣ 2020። ወደቡ የፈነዳበት ዕለት።

አስቀድሜ ግን ስለ ቂሜ ልናገር። ቂሙ ካልተነገረ ምሕረቱም አይገባችሁም።

ሊባኖስ ስምንተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ጋ ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ የ11 ወር ደሞዜን ሳልቀበል ጠፍቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ፍሪላንስ ሆንኩ። በሰዓት እየተከፈለኝ ቤት አጸዳለሁ፣ ለእናቴ እልካለሁ። በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ዶላር ከአገሩ ጠፋ። በመንግሥት ዋጋ 1,507 ሊራ የነበረው አንድ ዶላር በቀጣዩ ሐምሌ ጥቁር ገበያ ላይ 8,000 ገደማ ገባ። ሰዎቹ ራሳቸው ባንክ ያስቀመጡትን ብር ማውጣት አቃታቸው። ለእኛ ከየት አምጥተው ይክፈሉን? በዚያ ላይ ኮሮና መጣ። መጋቢት ላይ ኤርፖርቱ ተዘጋ።

ኤርፖርቱ በተዘጋ በሦስተኛው ሳምንት እናቴ አረፈች።

ለቅሶዋን በዋትሳፕ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ስልኩን ከፍ አድርጎ አስከሬኑን ሲያሳየኝ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ያን ቀን ጌታን ተቀየምኩት። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለውን ቃል አልኩት፤ ግን ጸሎት አልነበረም፣ ክስ ነው። ስምንት ዓመት የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ የለመንኩህ አንድ ነገር ነበር፣ እናቴን በቁሟ እንዳያት፣ እሷንም ነሳኸኝ አልኩት። መጽሐፍ ቅዱሴን ፍራሽ ሥር ከተትኩት። ሁለት ወር አልነካሁትም። መዝሙር እንኳ ሲከፈት ተነስቼ እወጣ ነበር።

ሰኔ ላይ አሠሪዎች ሴቶቹን በመኪና እያመጡ፣ ሐዝሚዬህ ያለው ቆንስላችን ደጅ ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው መሄድ ጀመሩ። ፎቶውን ያላየ ሀበሻ የለም። እኔና አብራኝ የምትኖረው የወሎዋ ልጅ ውሃና ዳቦ ይዘን ሄድን። አንዷ በቤት ሸበጥ ናት። ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቷል። ዕድሜዋን 24 አለች፤ ለእኔ 18 ነው የመሰለችኝ። የጅማ ልጅ፣ ሙስሊም። ትንሿ ልበላት፤ ቤታችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት።

እውነቱን ልናገር፣ ወደ ቤት እንድትመጣ የፈለግሁት እኔ አይደለሁም። የወሎዋ ልጅ ናት እጇን ይዛ ታክሲ ውስጥ ያስገባቻት። እኔ «አንድ ሌሊት ብቻ» አልኩ፣ ልጅቷ እየሰማችኝ። ቤታችን ያለው አራት ኪሎ ዱቄት፣ ሁለት ኪሎ ምስርና አንድ ጠርሙስ ዘይት ነው። ሥራ የለንም። የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልከፈልንም።

ጠዋት ስነሳ የሁላችንንም ሳህን አጥባ፣ ወለሉን ወልውላ፣ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ልሂድ?» አለችኝ።

ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም እኮ። ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ። ያኔ ሳላስበው ነቢዩ ኤልያስን ያበላችው የሰራፕታዋ መበለት ወደ አእምሮዬ መጣች። «በማድጋ ካለው ከእፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮም ካለው ከጥቂት ዘይት በቀር» ያለችው። ሰራፕታ ልጅ ሆኜ በሰንበት ትምህርት ቤት ስማር የሆነ ሩቅ፣ የተረት አገር ይመስለኝ ነበር። ሊባኖስ ውስጥ ነው! ዛሬ ሰራፈንድ ይሉታል፤ ከሳይዳ ወደ ሱር ሲኬድ መንገድ ላይ ነው። ከአሠሪዎቼ ጋር በመኪና ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ የኋላ ወንበር ላይ ልጃቸውን አቅፌ። ሻንጣዋን ከጭኗ ላይ አነሳሁና «ሻይ ጠጪ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ከሌሎቹ ሁለት የቤታችን ልጆች ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ሆንን። ትንሿ ለሱብሒ ስትነሳ እሰማታለሁ። ማዕዘኑ ላይ ነጠላዬን አንጥፋ ትሰግዳለች። ያን ያህል ተበድላ አምላኳን አልተቀየመችም። አንድ ጎህ ላይ አፈርኩ። ፍራሹን ገለጥኩና መጽሐፌን አወጣሁ።

ማድጋው እንዴት እንዳልጎደለ እኔም አላውቅም። ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር አንድ አርመናዊ ባለሱቅ አለ፣ ጌታ ዘመኑን ይባርክ፣ በዱቤ ምስር ይሰጠን ነበር፤ ቆይቶ ደብተሩን ቀደደው። «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው የራሳችን እህቶች ማኅበር በዚያ ወራት ለስንቱ ቤት አስቤዛ አደረሰ! እህቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛም ከደረሰን ላይ እያበሰልን ዶራ ሰፈር ላሉ፣ ስምንት ሆነው አንድ ክፍል ለሚያድሩ ልጆች መውሰድ ጀመርን።

ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ አንዲት ሊባኖሳዊት አሮጊት ነበሩ። ቴታ ነው የምንላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ልጆቻቸው ካናዳ ናቸው፣ ብራቸው ባንክ ተቆልፎበታል። ስምንት ዓመት ሙሉ የእነሱን ምግብ ሳበስል የኖርኩ ሴት፣ አንድ ሊባኖሳዊ ይርበዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። ትንሿ ናት ያወቀችው። ደረጃ ላይ ዘንቢላቸውን ስታግዛቸው ባዶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ይሁን እራት፣ የቴታ ሳህን ተለይቶ ይወጣል።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ።

ሊጥ አቡክተን ነበር፣ ለዶራ ልጆች። ኤርፖርቱ ከተዘጋ ጀምሮ ጤፍ የሚያመጣ ሰው የለም፤ የሩዝና የስንዴ ዱቄት ነው የምናቀላቅለው። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ካህራባ፣ መብራት ማለት ነው፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ብትመጣ ነው። አመሻሽ ላይ ሁሌ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ነን። ሰፊ መስኮትና የበረንዳ በር አለው፣ ከባሕሩ ነፋስ ይገባል። ፍራሽ ላይ ጋደም ብለን ስልክ የምናይበት ሰዓት ነው። ካህራባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት መጥታ አታውቅም።

ያን ቀን አሥራ አንድ ተኩል ላይ መጣች።

«ካህራባ!» ብላ የወሎዋ ልጅ ጮኸች። ሁላችንም ወደ ኩሽና ሮጥን። ኩሽናው መስኮት የለውም፣ ወደ ውስጥ ነው፣ ይሞቃል፣ እንጠላዋለን። ተጠጋግተን ቆምን፤ አንዷ ታሰፋለች፣ አንዷ ታወጣለች። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ። በሳህን አድርጌ፣ ምስር ጨልፌ፣ «ሳይቀዘቅዝ ለቴታ አድርሺ» ብዬ ትንሿን ላክኋት። እኔ ነኝ የላክኋት።

መጀመሪያ ርችት የሚመስል ድምፅ ነበር። ቀጥሎ «ድም!» አለ። ቀጥሎ የሆነውን ድምፅ ልለው አልችልም። አየሩ ራሱ መታን። መብራት ጠፋ፣ የጣሪያው ኖራ ጭንቅላታችን ላይ ወረደ፣ ቁም ሣጥኑ ተወርውሮ የኩሽናውን በር ዘጋው። ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈን ወለሉ ላይ ነን። «እመብርሃን! እመብርሃን!» ትላለች የወሎዋ ልጅ። እኔ «ኢየሱስ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ቁም ሣጥኑን ገፍተን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅብን አልቀረም። የፊቱን ክፍል ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ። የበረንዳው በር ከነብረቱ ተነቅሎ ፍራሾቹ ላይ ተኝቷል። እኔ የምተኛበት ትራስ ላይ ክንድ የሚያህል መስታወት ተሰክቶ ቆሟል።

ወደ አራተኛ ፎቅ በረርኩ። የቴታ በር ወድቋል። ቤቱ ባዶ ነው። ሳህኑ መሬት ላይ ተሰብሯል፣ ምስሩ ግድግዳው ላይ ነው። ደረጃው ላይ ደም አለ። አንድ ሸበጥ ብቻ አለ፣ የትንሿ።

ስልኳ አይጠራም። ወደ መንገድ ወጣሁ። ከተማው ነጭ ሆኗል፣ አቧራ። በየረገጥኩበት መስታወት ይንኮሻኮሻል። ሰው ሁሉ ደም በደም ነው፤ የሚያለቅስ ግን የለም፣ ዝም ብለው ይሄዳሉ። በቅርብ ያለው ሆስፒታል ራሱ ፈርሷል፣ በሽተኞቹን እያወጡ ነው። ወደ ሌላው ሄድኩ። በስልኬ መብራት ፊት እያበራሁ አያለሁ። ጥቁር ፀጉር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ሦስተኛው ጋ ስደርስ አንድ ወጣት ነርስ «አገርሽ የት ነው?» አለኝና ሳልመልስለት ውሃ ሰጠኝ። እኩለ ሌሊት አለፈ። ከጌታ ጋር መጣላቴን ረስቼዋለሁ። «አንድ ሌሊት ብቻ ብዬ ነበር፣ ይቅር በለኝ፣ አንድ ሌሊት ብቻ ያልኩትን አትያዝብኝ» እያልኩ ነው የምሄደው። መዝሙርም ይወጣኝ ነበር፣ እናቴ ቡና ስትቆላ የምታዜመው። መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ከከተማው ወጣ ያለ አንድ ሆስፒታል ደረስኩ። የመኪና ማቆሚያው ላይ አስፋልት ላይ ሰው ተደርድሮ ተኝቷል። መጨረሻ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች፤ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ሰቅላለች። በአንድ እግሯ ብቻ ነው ሸበጥ ያለው።

ግሉኮስ ነው የያዘችው። መስቀያ አልቆ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ የቴታን ግሉኮስ በእጇ ይዛ ቆማለች። አራት ፎቅ ሙሉ አዝላቸው ነው የወረደችው፣ እኛ አገር ልጅ እንደሚታዘል፣ በመጋረጃ አስራ። መንገድ ላይ ባለሞተር አግኝታ ነው እዚህ የደረሰችው። ግሉኮሱን ልቀበላት ስል ክንዷ አልታጠፍ አላት። እያሸሁ ነው ያወረድኩላት።

«ፓስፖርት ጠየቁሽ?» አልኳት። ያን ሁሉ ሌሊት ይህንንም እፈራ ነበር።

«ማናት ብለው ቴታን ጠየቋቸው» አለችኝ። «ቢንቲ አሏቸው።»

ልጄ ናት አሏቸው።

በዚያ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ የእኛም አገር ልጆች አሉበት። «በአጠገብህ ሺህ ይወድቃሉ» የሚለውን ጥቅስ ሰው በእኔ ላይ ሲጠቅሰው አፌ ይያዛል። የሞቱትም ይጸልዩ ነበር። ለምን እኔ እንደተረፍኩ አልጠየቅሁትም፣ አልተመለሰልኝምም። የማውቀው ካህራባ በማትመጣበት ሰዓት መምጣቷንና ለሰው የሚጋገር ሊጥ ስለነበረን ኩሽና መግባታችንን ነው። ስሙ ይባረክ።

ቴታ ዳኑ። ትንሿ ከወራት በኋላ በሊሴ ፓሴ፣ ፓስፖርት ለሌለው በሚሰጠው የጉዞ ወረቀት፣ አገሯ ገባች። ትኬቷን ቤይሩት ያሉ የሁለት ቤተ ክርስቲያን ምእመናንና ዋሽንግተን የምትኖር አንዲት እህት አዋጥተው ገዙላት። ይህች እህት ስሟን እንዳልጠራ ስለለመነችኝ ነው የማልጠራት፤ እሷ ግን ታውቀዋለች። እኔም በዓመቱ ገባሁ። እናቴ መቃብር ላይ ስሄድ ትንሿ ከጅማ መጥታ አብራኝ ሄደች። ስለ እናቴ የለመንኩት አልሆነም፣ እሱ ዛሬም ያመኛል፤ ግን አሁን ሲያመኝ ለራሱ ለጌታ ነው የምነግረው።

ቴታ እሁድ እሁድ ድምፅ ይልኩልናል። ዓይናቸው ስለደከመ መጻፍ አይችሉም። ሰላምታም የላቸው፣ የጤናቸውንም አይነግሩን። ሁሌ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጆቼ፣ በላችሁ?»