ከበረዶው በፊት ከማሽኗ ጋር መተዋወቅ

ስኖው ብሎወር የሚባለውን በረዶ ጠራጊ ማሽን ብዙ ሰው የሚገዛው ሲጨንቀው ነው። ነገ ትልቅ በረዶ ይጥላል ሲባል፣ ወይም ወገቡ ከተያዘ በኋላ። ከዚያ ከካርቶኑ አውጥቶ በጨለማና በብርድ፣ ማኑዋሉን እንኳ ሳይገልጥ ገመዱን መሳብ ይጀምራል። እኔና ባለቤቴ ግን የገዛነው ቅጠል ገና ሲረግፍ ነው። አሁን ሳስበው፣ የማሽኗን ግማሽ ጥቅም ያገኘነው በረዶው ከመምጣቱ በፊት በተዋወቅንባቸው ሳምንታት ነው።

የገዛነው ለቅንጦት አይደለም። እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ እሷ ማለዳ ትወጣለች። እኔ የምገባበትና እሷ የምትወጣበት ሰዓት አንድ ነው። ስኖው ከጣለ የመኪና መግቢያው ለሁለታችንም በዚያች ሰዓት መከፈት አለበት። ደረቁን፣ ዱቄት የመሰለውን በረዶ በአካፋ መግፋት አያስቸግርም። ሰው የሚጥለው እርጥቡ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ የመጣ ሰው፣ በባዶ ሆዱ፣ በዚያ ብርድ እርጥብ በረዶ ሲያነሳ ልቡ ላይ ከባድ ጫና ይወድቃል። ሐኪሞችም በየዊንተሩ ያስጠነቅቃሉ። ስደት ላይ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ገላውን እንደ ብረት ነው የሚያየው፤ እኔ ይህን አልወደውም።

ማሽኖቹ ሁሉ አንድ አይደሉም። ባለ አንድ ደረጃ የሚባለው ቀላል ነው፤ የጎማ ምላጩ መሬቱን እየነካ በረዶውን ራሱ ይወረውራል። አስፋልት ወይም ኮንክሪት ላይ፣ ለስስ በረዶ ጥሩ ነው። ባለ ሁለት ደረጃው ከፊት ኦገር የሚባል ጠምዛዛ ብረት አለው። ኦገሩ በረዶውን ወደ መሐል ይሰበስባል፣ ከኋላው ያለው ፋን ደግሞ ተቀብሎ አንገቱ በሚባለው መውጫ ቱቦ በኩል አርቆ ይተፋዋል። ኦገሩ መሬት ስለማይነካ ጠጠር ላይም ይሠራል። እኛ የወሰድነው ይህን ነው።

ያንን ጠምዛዛ ብረት ከካርቶኑ ሲወጣ ሳየው የስንዴ ኮምባይነር አፍ መሰለኝ። በኋላ ሳነብ ነገሩ ዝም ብሎ መመሳሰል አይደለም። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ገበሬ ቤት ያደገው አርተር ሲካር እ.ኤ.አ. በ1925 በረዶ ወርዋሪ ማሽኑን ሲሠራ ሐሳቡን ያገኘው ከእህል መውቂያ ማሽን ነው ይባላል። የመጀመሪያውንም በ1927 ለሞንትሪያል ጎረቤት ለኡትርሞን ከተማ ሸጠ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማሽኗ ባዳ መሆኗ ቀረ።

መተዋወቁን የጀመርነው በዘይት ነው። አዲስ ማሽን ሁሉ ዘይት ተሞልቶለት አይመጣም፤ ቢመጣም ጎድሎ ሊሆን ይችላል። ደልዳላ መሬት ላይ አቁሞ መለኪያውን አውጥቶ ማየት ግድ ነው። ለብርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው 5ደብልዩ-30 ነው። አዲስ ሞተር መጀመሪያ ላይ ብረት ከብረት እየተላመደ ደቃቅ ብናኝ ስለሚያወጣ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይቀየራል። ብዙ ማኑዋሎች ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ይላሉ፣ ከዚያ የሚያስረዝሙም አሉ። የራስን ማኑዋል ማመን ነው። ከዚያ የጎማዎቹን አየር ለካን። የሁለቱ እኩል ካልሆነ ማሽኗ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፣ ሰው ደግሞ በትከሻው ሲታገላት ይውላል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ከጎንና ከጎን ያሉትን ሁለት የብረት ጫማዎች ማስተካከል ነው። መሬት ላይ ተንሸራተው ማሽኗን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። እኛ ከካርቶኑ ላይ ቆርጠን ከታችኛው መላጫ ብረት ሥር አስገባን። ከዚያ የጫማዎቹን ዳዶ ላላ አደረግን፣ መሬት እስኪነኩ ለቀቅናቸው፣ መልሰን አጠበቅን። ካርቶኑ ሲወጣ ከመላጫው ሥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረ። ለለስላሳ አስፋልት ይህ ይበቃል። ጠጠር ላይ ግን ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ማሽኗ ከበረዶው ጋር ድንጋይ ትወረውራለች። ድንጋዩ መስኮት ወይም የሰው ዓይን ሊያገኝ ይችላል።

በዚያው ሰሞን እዚህ አገር ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ቤታችን መጡ። ማሽኗን ዞረው ዞረው አዩና አንገቱ ላይ ጣታቸውን ጠቆሙ።

"ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እጅህን እንዳታስገባ።"

"ሞተሩ ቢጠፋም ጋሼ?"

"ቢጠፋም! አብሮኝ የሚሠራ ሰው ሁለት ጣቱን ያጣው ሞተሩን አጥፍቶ ነው።"

ነገሩ እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። እርጥብ በረዶ አንገቱ ላይ ሲወተፍ ፋኑ በግድ ይቆማል። ሞተሩ ቢጠፋም ቺንጋው ውስጥ የታመቀ ኃይል ሊቀር ይችላል። በረዶው ሲነሳለት ፋኑ በአንዴ ይዞራል፤ ለጣት ያቺ ቅጽበት ትበቃዋለች። ማሽኖቹ ላይ የላስቲክ መጥረጊያ ዘንግ የሚታሰረው ለዚህ ነው። ሞተር ማጥፋት፣ ቁልፉን መንቀል፣ ሁሉ ነገር እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዚያ በዘንጉ። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ዘንጉን ቀይ ቴፕ ጠቀለለችበት፣ በጨለማም እንዲታይ።

እሷም ማሽኗን ማወቅ አለባት አልኩ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቃት ማሽን፣ ያ ሰው ሥራ ላይ ያደረ ቀን ያው ብረት ናት። ቁልፉ ተነቅሎ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በደረቅ መሬት ላይ እጀታዎቹን ተለማመድን። አንዱ ጎማውን ይነዳል፣ ሌላው ኦገሩን ያዞራል፤ ሲለቀቁ ይቆማሉ። አንገቱን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አዞርን፣ ማርሹን ቀያየርን። ከዚያ ወደ ውጭ አውጥተን አስነሳናት። ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት፣ በሩ ቢከፈት እንኳ፣ የለም። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ቁልፉን መልሶ መክተት፣ የነዳጁን መዝጊያ መክፈት፣ ቾኩን መዝጋት፣ የነዳጅ መስጫውን ወደ ጥንቸሏ ሥዕል፣ ማለትም ወደ ፈጣኑ፣ መውሰድ፣ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የምትገፋውን የላስቲክ መጫኛ ሁለት ሦስቴ ተጫን ተጫን ማድረግ፣ ከዚያ ገመዱን መሳብ። ስትሞቅ ቾኩን ቀስ እያሉ መክፈት። ባለቤቴ በመጀመሪያው ስበት አስነሳቻት፣ ደስታዋን ማየት ነበር!

በረዶው ሲመጣ ሥራው ቀለለ። ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥቶ፣ ጎማውን ግን በዝግታ መንዳት ነው። ብዙዎች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፣ ከዚያ ማሽኑ ታነቀ ይላሉ። በነፋሱ አቅጣጫ መወርወር፤ ያለዚያ በረዶው ተመልሶ ፊት ላይ ነው። ብዙ ይጥላል ከተባለ እስኪያልቅ አለመጠበቅ። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን አንዴ ጠርጎ፣ በኋላ መድገም። እርጥብ ሲሆን ደግሞ የአፏን ግማሽ ስፋት ብቻ ማጉረስ። ሲሊኮን የሚረጭ ቅባት አንገቱ ውስጥ ቀድሞ መንፋትም በጣም ይረዳል።

ፈተናው ያለው መንገድ ዳር ነው። የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና ሲያልፍ በር ላይ ጥሎት የሚሄደው ክምር ስኖው ብቻ አይደለም። በረዶ፣ ጨው፣ ጠጠር፣ የተሰባበረ የበረዶ ድንጋይ ተጋግሮ ነው። አንድ ማለዳ ከሥራ ስመለስ ክምሩ ጉልበቴ ይደርስ ነበር። ከላይ ከላዩ፣ በስሱ እየቆረጥኩ ስሄድ ድንገት "ቋ!" አለ። ሞተሩ ይሠራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ የኦገሩ የቀኝ ክፍል ይዞራል። የግራው ብቻ ቆሟል።

አጠፋሁ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ ጠበቅሁ። በዘንጉ ስጎረጉር ጡብ የሚያህል የበረዶ ድንጋይ ከነጠጠሩ ወጣ። ኦገሩን ከመሐል ዘንጉ ጋር የምታያይዘው ሺር ፒን ለሁለት ተቆርጣለች። ይህቺ ፒን የተሠራችው እንድትሰበር ነው። ኦገሩ ጠንካራ ነገር ሲመታ እሷ ትሰበርና ውድ የሆነው ጊርቦክስ ይተርፋል። ትርፍ ፒኖች በትንሽ ፌስታል አድርገን እጀታው ላይ አስረን ነበር። ጓንቴን አወለቅሁ፣ ኦገሩን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞርኩና ቀዳዳዎቹን አጋጠምኩ። አዲሷን ፒን ስገፋ የአሮጌዋ ስባሪ በወዲያኛው በኩል ጠብ አለ። ዳዶውን አሰርኩ። ጣቴ ብረቱ ላይ ሊጣበቅ ደርሶ ነበር፣ ሥራው ግን ወዲያው አለቀ። ባለቤቴም በሰዓቷ ወጣች።

በፒን ፈንታ ያገኙትን ብሎን የሚከቱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ጠንካራ ብሎን አይሰበርም፤ የሚሰበረው ጊርቦክሱ ነው። ሌላም ነገር አለ። ኦገሩ ከመሐል ዘንጉ ጋር በዝገት ከተጣበቀ ፒኗ ብትኖርም ዋጋ የላትም። ስለዚህ ዊንተር ሳይገባ ፒኖቹን አውጥቼ፣ በግራሶ ማስገቢያዎቹ ግራሶ እሞላለሁ፣ ኦገሩ ዘንጉ ላይ በነፃ እስኪዞር አሽከረክረዋለሁ። ከእንክብካቤ ሥራዎች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው።

ሥራ ሲያልቅ ወዲያው አላጠፋትም። ለትንሽ ጊዜ ኦገሩን በባዶው አዞራለሁ፣ የቀረው በረዶ እንዲራገፍ። ከዚያ አጥፍቼ ውጪውን በብሩሽ መጥረግ። ካልተጠረገ ውሃው ያድርና ፋኑን በበረዶ ያስረዋል።

በጸደይ ዋናው ጠላት ቤንዚን ነው። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን እርጥበት ይስባል፤ ወራት ሲቆይ ይበላሽና የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች በሙጫ ይደፍናቸዋል። በመጀመሪያው በረዶ ቀን አልነሳ የሚሉ ማሽኖች አብዛኞቹ ችግራቸው ይህ ነው። እኔ የነዳጁን መዝጊያ ዘግቼ፣ ውጭ ላይ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሳዋለሁ፤ ታንከሩ ውስጥ የቀረውን ደግሞ እቀዳለሁ። መቆየት ካለበት ማረጋጊያ ፈሳሽ ይጨመራል፣ ግን ጨምሮ ጥቂት ደቂቃ ማስነሳት ያስፈልጋል፣ ካርቡራተሩ ጋ እንዲደርስ። ከዚያ ጨዉን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀለሙ የተላጠበትን እቀባለሁ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች የአየር ማጣሪያ የላቸውም፣ የሚሠሩት አቧራ በሌለበት በረዶ ላይ ስለሆነ። ስለዚህ በበጋ ሸፍኜ አስቀምጣታለሁ።

ዘይት የቀየርንበትን ቀን ባለቤቴ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ትጽፋለች። ዘንድሮ ተራው የካንዴላው ነው። ቺንጋውን ሽፋኑን ከፍቼ አየሁት፣ አልተሰነጠቀም፤ ለዚህ ዊንተር ይበቃል።