ሽንኩርት የማይገባበት ወጥ ቤት

የነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከኒው ዴልሂ በባቡር ተሳፍሬ ሃሪድዋር ወረድኩ፤ ከዚያም በባጃጅ፣ የጋንጅስ ወንዝ ከሂማሊያ ተራሮች ወጥቶ ወደ ሜዳው ወደሚወርድባት ሪሺኬሽ አመራሁ። ሥጋም መጠጥም የማይሸጥባት ከተማ እንደሆነች ሰምቼ ስለነበር ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ብዬ ነበር። ቅቤውን ረስቼዋለሁ።

ያረፍኩበት አሽራም (የሂንዱዎች መንፈሳዊ ማረፊያ) ምግቡን የሚያሰናዳው በአዩርቬዳ፣ ማለትም በጥንቱ የሕንድ ሕክምና ሥርዓት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አእምሮን ያውካሉ ተብሎ ስለሚታመን ወደ ወጥ ቤቱ አይገቡም። ሽንኩርት ሳያቁላላ የምስር ወጥ የሚሠራ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ በማግሥቱ ማለዳ ልርዳ ብዬ ገባሁ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው ሁሉም «ዲዲ» የሚሏቸው ሴት፣ አንድ ሰፌድ ክክ ሰጥተው ጠጠር እንድለቅም አስቀመጡኝ።

ክኩ የማሾ ነበር። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ገበሬው ለገበያ የሚያመርተውን፣ በገበታችን ላይ ግን ብዙም የማናየውን ማሾ፣ «ቻራካ ሳምሂታ» የተባለው ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ከጥራጥሬ ሁሉ ያስበልጠዋል። ዲዲ እንዳስረዱኝ፣ ጥራጥሬ በጠባዩ ደረቅ በመሆኑ «ቫታን»፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ ያለውን የነፋስ ጠባይ፣ ያበዛል፤ ሆድ የሚነፋውም ለዚህ ነው። ማሾ ግን ቀላል ስለሆነ «አግኒ» የሚሉትን የምግብ መፍጫ እሳት አያስጨንቅም። ዋናው ማዕድ እኩለ ቀን ላይ የሚቀርበውም ፀሐይ ስትበረታ ይህ እሳት አብሮ ይበረታል ተብሎ ነው።

ክኩን አንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው ከሩዝ ጋር ጣዱት፤ እርድና የተከተፈ ዝንጅብል ጨምረው፣ አረፋውን እየገፈፉ፣ እስኪፈራርስ ድረስ አበሰሉት። ቅመሙ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ለዚህም ንጥር ቅቤውን ሲያነሡ ጾም ላይ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ጾም ላይ ሆነህ ታዲያ ዳል ትበላለህ?» ብለው ተገረሙ፤ ዳል የሚሉት ክኩን ነው። በእነርሱ ዘንድ፣ በየወሩ ሁለት ጊዜ በሚውለው የኤካዳሺ ጾም የሚተወው እህልና ጥራጥሬው ሲሆን ወተትና ቅቤ ይፈቀዳል። የእኛን ሥርዓት ስነግራቸው ብዙ ሳቁ፤ ቀጥለውም የእኔን ድርሻ ለይተው የሰሊጥ ዘይት አሞቁ። አዩርቬዳ የሰሊጥ ዘይትን ለነፋስ ጠባይ መድኃኒት ስለሚያደርገው የእርሳቸውም ሥርዓት አልተጣሰም።

በጋለው ዘይት ላይ ከሙን ጣሉ፤ ከሙኑ ሲንጣጣ ቁንጥር «ሂንግ» አከሉበት። ሂንግ ከተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ጥሬው አፍንጫ ያስይዛል፤ ዘይት ሲነካው ግን የቁሌት ሽታ ሸተተኝ። ሽንኩርቱን በጓሮ በር አስገብተውታል ማለት ነው። ሁሉንም ድስቱ ላይ ገልብጠው ሽታው እንዳይበን ወዲያው ከደኑት። እውነቱን ለመናገር በርበሬው ናፍቆኛል፤ ሆዴ ግን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሳይነፋ ዋለ።

ኤካዳሺ የዋለው ልመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ነበር። ዲዲ እህልና ጥራጥሬ አይቀምሱም፣ እኔ ወተትና ቅቤ አልቀምስም፤ ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠን የተቀቀለ ድንች በአለት ጨውና በከሙን በላን።